ሴፍቲው ወደ ቀኝ እንደተኛ የደረቀ ቤልጅግ፦ ወደ ግራ ሳይሆን ወደ መሃል

ጥያቄው ይሄ ነው፦ "ከመንዝ ነው የምጽፈው። አያቴ በአርበኝነት ዘመን የያዙት ቤልጅግ አለን፣ በአባቴ ስም የተመዘገበ ነው ፈቃድም አለው። አባቴ ለብዙ አመት ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ነው የኖረው። ሰሞኑን ለሴት አያቴ ተዝካር እንተኩስበታለን ብለን ስናወርደው ሴፍቲው ወደ ቀኝ እንደተኛ ድርቅ ብሏል፣ ማቀባበያውም ብንታገለው ብንታገለው አይነሳም። ጥይት ጎርሶ ይሁን ባዶ ይሁን አናውቅም፣ አባቴ ግን የለበትም ይላል። ምላጩን ስስበው ይሄዳል፣ ሴፍቲው ተበላሽቷል ማለት ነው? ሰፈራችን ያለ ብረት ቀጥቃጭ በእሳት ላሙቀውና ይላቀቃል አለን፣ አጎቴ ደግሞ ሴፍቲ ድሮም ጣጣ ነው ቆርጠህ ጣለው ይላል። ምን ይሻላል? ለተዝካሩስ ይደርሳል?"

ምላጩን መንካት ከአሁን ጀምሮ ይቅር። ሌላውን ሁሉ እመልሳለሁ ግን ከጻፍከው ሁሉ ያስደነገጠኝ ያቺ "ስስበው ይሄዳል" ያልካት ናት። ጥይት ይኑርበት አይኑርበት የማታውቀው ጠመንጃ ላይ ምላጭ ስበሃል። ያልተኮሰው ወይ ባዶ ስለሆነ ነው ወይ ደግሞ ያ ተበላሸ ያልከው ሴፍቲ ጥብቅ አርጎ ስለያዘው ነው፣ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ደግሞ አንተም እኔም ከውጪ አይተን ልናውቅ አንችልም። አባትህ የለበትም ማለታቸውን አልንቅም፣ ግን ለአመታት የተሰቀለ መሳሪያ ላይ የሰው ትዝታ ማስረጃ አይሆንም፣ ከዛሬ ጀምሮ ጎርሷል ብለህ ነው የምትይዘው።

የምላጩ መሄድ ብልሽት አይደለም። ብዙ ሰው ሴፍቲ ማለት ምላጩን የሚያስር ነገር ይመስለዋል፣ ክላሽ የለመደ ሰው እውነቱን ነው እዛ ላይ ምላጩን ነው የሚይዘው። ቤልጅግ ላይ ግን እንደዛ አይሰራም። ቤልጅግ ስንል ቤልጅየም ውስጥ ኤርስታል የሚገኘው ፋብሪክ ናሲዮናል የሚባለው ፋብሪካ የሰራው ሞዴል 24 እና ሞዴል 30 ነው፣ ከ1928ቱ የጣሊያን ወረራ በፊት ከገቡት አንዳንዶቹ የአንበሳው ማህተም አለባቸው፣ አሰራሩ ግን እንዳለ በፈረንጅ 1898 የወጣው የጀርመኑ ማውዘር ነው። በማቀባበያው ቀኝ ጎን ረዘም ያለ ቀለህ መሳቢያ ጥፍር ካለውና ሴፍቲው ከኋላ በአናቱ ላይ እንደ ጆሮ ቆሞ ከግራ ወደ ቀኝ የሚገለበጥ ከሆነ የምለው ሁሉ ላንተ ይሰራል።

አሰራሩን ልንገርህ ምክንያቱም እዚህ ጋ ካልገባህ ቀጥሎ የምለው ሁሉ ትርጉም አይሰጥህም። ማቀባበያው ውስጥ መርፌው አለ፣ መርፌውን ወደፊት የሚገፋው ጠንካራ ሞላ አለ፣ ከመርፌው ኋላ ደግሞ ወፈር ያለ ጭራ አለ ይሄ ጭራ ከስር ጥርስ አለው። ሲቀባበል ያ ጥርስ ከምላጩ ጋር የተያያዘው ሌላ ጥርስ ላይ ይንጠለጠላል፣ ምላጭ ሲሳብ የታችኛው ዝቅ ይላል መርፌው ይሄዳል ጥይቱ ይተኮሳል፣ አለቀ። ሴፍቲው የሚሰራው ላይኛው ላይ ነው። ጆሮውን ስታዞረው ውስጥ ያለው ዘንግ ይዞርና ጎኑ በጭራው ፊት ገብቶ ጭራውን ትንሽ፣ የጥፍር ውፍረት ታህል፣ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ከዛ በኋላ የሞላው ጉልበት በሙሉ የሚያርፈው ዘንጉ ላይ ነው፣ ምላጩ ምንም የተሸከመው ነገር የለም። ለዛ ነው ሴፍቲው ተይዞ ምላጩ ልል ብሎ የሚሄደው።

ሶስት ቦታ አለው። ወደ ግራ ሲተኛ ሁሉም ነገር ክፍት ነው፣ ይተኩሳል። ቀጥ ብሎ መሃል ላይ ሲቆም መርፌው እንደታሰረ ነው ማቀባበያው ግን ይከፈታል። ወደ ቀኝ ሲተኛ መርፌውም ይታሰራል፣ የዘንጉ አፍንጫ ደግሞ ማቀባበያው ጀርባ ላይ ያለች ጎድጓዳ ውስጥ ይገባና ማቀባበያውንም ይቆልፋል። ያንተ እዚህ ነው ያለው። ማቀባበያው አልነሳም ያለው ዝገት በልቶት ሳይሆን ተቆልፎ ስለሆነ ሊሆን ይችላል፣ ማለትም ሁለት ብልሽት ያለህ መስሎህ አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል ያለህ።

አሁን ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ አላማህ ሴፍቲውን "ማላቀቅ" አይደለም። አላማህ ከቀኝ ወደ መሃል ማድረስ ብቻ ነው፣ አንድ ሩብ ዙር፣ ከዛ ማለፍ የለበትም። መሃል ላይ መርፌው አሁንም በሴፍቲው ተይዟል፣ ማቀባበያው ግን ይከፈትልሃል፣ ጥይት ካለ ወጥቶ እጅህ ላይ ይወድቃል። ወደ ግራ ከሄደ ግን ምን ሊመጣ እንደሚችል ስማኝ። የዘንጉ ወይም የጭራው ጠርዝ በእድሜ ተበልቶ ከሆነ ምላጩን ስትስብ ጭራው ከምላጩ ጥርስ አልፎ ትንሽ ወደፊት ተንሸራቶ ሊሆን ይችላል፣ ምላጩን ስትለቀው የታችኛው ጥርስ ተመልሶ ቦታው ላይ ሊይዘው አይችልም። በዛ ሰአት መርፌውን የያዘው ሴፍቲው ብቻ ነው ማለት ነው፣ ሴፍቲውን ወደ ግራ ባዞርክ ቅጽበት ምላጩን ማንም ሳይነካው ይተኩሳል። ይሄ የፈጠራ ወሬ አይደለም፣ ባረጁ ማውዘሮች ላይ የታወቀ ብልሽት ነው፣ አንተ ደግሞ ምላጩን ስበኸዋል።

ለምን ደረቀ ለሚለው፣ የኛን አገር ቤት የሚያውቅ ሰው አይቸገርም። መንዝ ብርድ ነው፣ መሳሪያው የሚሰቀለው ደግሞ ምድጃ ያለበት ቤት ውስጥ ነው፣ ሌሊት ብረቱ በርዶ ያድራል ጠዋት እሳት ሲነድና ድስት ሲጣድ እንፋሎቱ የቀዘቀዘው ብረት ላይ ወዝ ሆኖ ያርፋል፣ በላዩ ጥቀርሻ ይመጣል። ክረምት ሙሉ እንደዛ ነው። በጣርማ በር ጉም ይዘውት አልፈው ሸዋ ሮቢት ቆላ የሚወርዱበት መሳሪያም እንዲሁ ነው የሚሆነው፣ 3,000 ሜትር አካባቢ የበረደ ብረት 1,300 ሜትር ገደማ ያለ ሙቀት ውስጥ ሲገባ ያልበዋል። ያ ላብ ከላይ ሲጠረግ ይጠፋል፣ ዘንጉ ቀዳዳ ውስጥ የገባውን ግን ማንም አይጠርገውም።

በዚህ ላይ ቅባቱ አለ። አባቶቻችን መሳሪያ የሚወዱት ከልባቸው ነው፣ ያገኙትን ምርጥ ነገር ነው የሚቀቡት፣ ቅቤ፣ ሞራ፣ የምግብ ዘይት። ሶስቱም ለብረት አይሆኑም። ቅቤ ውስጡ ውሃ አለው፣ ሲቆይ ደግሞ ይኮመጥጣል ብረት ይበላል፣ የምግብ ዘይት አየር ሲያገኘው እየደረቀ ሙጫ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሴፍቲ ሲወልቅ ዘንጉ ላይ የሚታየው ጥቁር ቡናማ የሆነ እንደ ሬንጅ የተጋገረ ነገር ነው፣ ጥፍር አያስለቅቀውም፣ ከስሩ ደግሞ ቀይ ዱቄት ዝገት አለ። ባና ጠቅልሎ ማስቀመጥም አይረዳም፣ ሱፍ እርጥበት ይይዛል፣ የቆዳ አፎት ከሱም ይብሳል። እና ይሄ ሁሉ ሲሆን ሴፍቲው ተይዞ ስለነበር ዘንጉ ለአመታት በሙሉ የሞላ ጉልበት አንድ ጎን ተደግፎ ነው የቆየው፣ ሳይንቀሳቀስ እዛው ተጋገረ።

ሌሎችም ምክንያቶች አሉ ባጭሩ። ማቀባበያው አንድ ጊዜ ተፈቶ ኋላው ሲገጠም አንድ ዙር ጎድሎ ከተጠመዘዘ ዘንጉ ከጎድጓዳዋ ጋር አይገጥምም። ጭራው ወይም ሴፍቲው ከሌላ መሳሪያ የመጣ ከሆነ፣ ማለትም ቁጥሮቹ የማይመሳሰሉ ከሆነ፣ አንዳንዴ ጠብቆ ይነክሳል አንዳንዴ ደግሞ ላልቶ ጭራሹን አይገፋም። ምላጩ እንዲቀል ተብሎ ጥርሱ በሞረድ የተነካም አለ፣ ጭራው ያለቦታው ወደፊት ስለሚቀመጥ ሴፍቲው ይታገላል። ያንተ ግን ታሪኩ ሲታይ የመጀመሪያው ይመስለኛል፣ አንድ ነገር ተጨምሮበት፤ ማቀባበያውን ወደ ላይ ታግላችሁታል። ተቆልፎ እያለ ወደ ላይ ስትጎትተው የዘንጉ አፍንጫ ጎድጓዳዋ ውስጥ በጎን ይነክሳል፣ በታገላችሁት ቁጥር ሴፍቲውን ይበልጥ እያጠበቃችሁት ነው የነበረው።

የቀጥቃጩን ምክር አትስማ። ሰውየው ማረሻ በደንብ ይሰራ ይሆናል፣ ይሄ ግን ሌላ ነው። ባሩድ 170 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ራሱን ያቀጣጥላል፣ የቀጥቃጭ እሳት ከዛ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ጥይት ጎርሶ ከሆነ መርፌም ምላጭም ሳያስፈልገው እሳቱ ዳር በተሰበሰበው ሰው ላይ ይተኮሳል። ባዶ ቢሆን እንኳ መሳሪያውን ይገድለዋል፣ የነዚህ መሳሪያዎች ብረት ጥንካሬው ላዩ ላይ ያለች ስስ ቆዳ ናት ውስጡ ለስላሳ ነው፣ በእሳት ከቀላ ያ ጥንካሬ ይሄዳል፣ ጥርሶቹ ከዛ በኋላ ቶሎ ይበላሉ። በሞረድ መነካትም የሌለበት ለዚሁ ነው። የአጎትህም እንደዛው፣ ጆሮውን ከቆረጥከው ዘንጉ እዛው ቀኝ ላይ እንደተቆለፈ ይቀራል፣ አንተ ደግሞ የምታዞርበት ነገር ታጣለህ። በፒንሳ ተይዞ ጆሮው የተሰበረበት መሳሪያ እኔ ጋ መጥቶ ያውቃል፣ በዘይትና በአውራ ጣት ያልቅ የነበረው ስራ ነው እንደዛ የከበደው። መዶሻም በዛው ይካተታል፣ ጎርሷል ብለን የያዝነውን መሳሪያ አንመታም። በአፈሙዙ በኩል ዘንግ ከትቼ ልለካ የሚልም ሰው አለ፣ እጅህን አፈሙዝ ፊት ማድረግ ስለሚሆን እሱንም ተወው።

ምን ታደርጋለህ? መጀመሪያ ልጆችና ጎረቤት ራቅ ይበሉ፣ አንድ አዋቂ ሰው ብቻ ከኋላህ ይሁን። መሳሪያው ወደ አፈር ግድብ ይዙር፣ የወፈረ አፈር ነው ያልኩት፣ የድንጋይ ካብ አይደለም፣ እናንተ አገር ካብ ሞልቷል ጥይት ካብ ሲመታ የት እንደሚዞር አይታወቅም። ወደ ሰማይም አይደለም፣ የዚህ ጥይት፣ 7.92 በ57 ነው፣ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶ ነው የሚወድቀው። ጣት ከምላጭ ቤቱ ውጪ።

ቀጥሎ ካዝናውን ከስር ባዶ አርገው። ከምላጭ ቤቱ ፊት ለፊት ከስር ትንሽ ቀዳዳ አለች፣ ሹል ነገር ውስጧ ተጭነህ የካዝናውን ክዳን ወደ ኋላ ስትገፋው ይወልቃል፣ ሞላው ስለሚፈናጠር በመዳፍህ ያዘው። ጥይት ከወጣ ጎራሹ ውስጥም፣ ጥይቱ የሚጎርስበት ቦታ ማለቴ ነው፣ አንድ እንዳለ ቁጠር። ካልወጣ ግን "ባዶ ነው" እንዳትል፣ ካዝናው ባዶ ሆኖ አንድ የጎረሰ መሳሪያ ሞልቷል፣ ብዙ አደጋ የሚመጣውም ከነሱ ነው።

ከዛ ዘይት። ነጭ ጋዝና የስፌት መኪና ዘይት እኩል ቀላቅል፣ ነጭ ጋዙ ይሰረስራል ዘይቱ ደግሞ እንዳይደርቅ ያደርጋል፣ ደብሊው ዲ 40 ካገኘህም ይሆናል። የሴፍቲው ዘንግ ወደ ውስጥ በሚገባበት ዙሪያ በላባ ወይ በስንጥር ጠብ ጠብ አርግለት፣ ጥቂት ጠብታ ይበቃል ማጥለቅለቅ አያስፈልግም። አፈሙዙን ትንሽ ዝቅ አርገህ አስተኛው፣ አፈር ውስጥ አትሰካው እንዳይደፈን፣ ዝቅ ሲል ዘይቱ ዘንጉን ተከትሎ ወደፊት ይገባል። ከጠዋት እስከ ማታ ይቆይ፣ በመሃል አንድ ሁለቴ ጨምርለት። ቤት ውስጥ ካደረ በር ተቆልፎበት፣ አፈሙዙ ሰው ወደማይተኛበትና ወደማያልፍበት የአፈር ግድግዳ ዞሮ፣ ቁልፉ አባትህ ጋ። ምድጃ ዳር አይሆንም ነጭ ጋዝ አለበት።

ስትሞክረው በግራ እጅህ አንገቱን ጥብቅ አርገህ ያዝ፣ ከኋላህ ያለው ሰው ማቀባበያውን ወደ ታች ይጫነው። ወደ ታች፣ እንደምንም አርጎ ወደ ላይ አይደለም። የነከሰውን አፍንጫ የሚያላላው ይሄ ነው፣ አንዳንዴ ከዘይቱ ይልቅ ስራውን የሚሰራው ይሄ ብቻውን ነው። አንተ በቀኝ አውራ ጣትህ፣ ጨርቅ ደርበህ፣ ጆሮውን ከስር ወደ ላይ ግፋው። አንዴ በሃይል ሳይሆን ትንሽ ገፋ፣ ለቀቅ፣ ገፋ፣ ለቀቅ። ሲነቃነቅ ይሰማሃል፣ የሆነ ጭቃ ውስጥ ያለ ነገር አይነት ስሜት አለው፣ እዛ ጋ አትቸኩል ተጨማሪ ጠብታ ስጠው። ቀጥ ብሎ ሲቆም አቁም። እጅህ በጉልበቱ ወደ ግራ እንዳያልፍ የግራ እጅህን አውራ ጣት በግራ በኩል ደግፍለት፣ ይሄን አደራ እልሃለሁ።

መሃል ላይ ከቆመ ማቀባበያውን አንስተህ ሳበው። ጥይት ከወጣ አስቀምጠው፣ ድጋሚ እንዳትጠቀምበት። ካልወጣ ጎራሹን በአይንህ እይ በትንሽ ጣትህም ዳስስ፣ አንዳንዴ መሳቢያው ጥፍር ቀለሁን ሳይዘው ጥይቱ ውስጥ ይቀራል። ሴፍቲው መሃል ላይ ቆሞም ማቀባበያው እምቢ ካለ ግን ዝገቱ ጎራሹ ውስጥ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ያንተ ስራ አይደለም። ሴፍቲውም በሁለት ቀን ንክርና በአውራ ጣት ካልተነቃነቀ እዛው ታቆማለህ። ሶስተኛ ቀን የሚጨምርልህ ትግስት ማጣት ብቻ ነው።

ያኔ መሳሪያውን ይዘህ ደብረ ብርሃን አትውጣ፣ መኪና ላይ ሰው መሃል ምናልባት የጎረሰ ጠመንጃ ይዞ መጓዝ አይታሰብም። መሳሪያው ባለበት ይቀመጥና አባትህ ፈቃዱን ይዘው ወረዳ ፖሊስ ሄደው ሁኔታውን ያስረዱ፣ "ተቆልፎብናል ጥይት ይኑርበት አናውቅም" ብለው፣ የመሳሪያ ሙያ ያለው ሰው ቤት ድረስ ይምጣ። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ መሳሪያ መያዝም መጠገንም ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ነው፣ የተመዘገበ መሳሪያ ላላቸው ሰዎች ይሄን መንገድ መከተል የሚያስፈራ ነገር የለውም፣ እንዲያውም ፈቃድ የሌለው ሰው ጓዳ ውስጥ ሲፈታው ቢተኮስ ነው ተጠያቂነቱ አባትህ ላይ የሚመጣው።

ሴፍቲው ቢላቀቅልህም ባለሙያ ጋ መድረሱ አይቀርም፣ እዚህ ላይ አልደራደርም። ዘንጉ ወጥቶ መጽዳት አለበት፣ ለዛ ደግሞ ማቀባበያው በሙሉ መፈታት አለበት። እሱም የሚጀምረው ከዛችው መሃል ቦታ ነው፣ ሞላው ታስሮ እያለ ማቀባበያው ይወጣል፣ በግራ ጎኑ ያለችው መያዣ ተጭና ኋላው ይጠመዘዛል፣ መርፌው ከነሞላው ይወጣል፣ ሞላው ተጭኖ ጭራው ሩብ ዙር ዞሮ ሲወልቅ ሴፍቲው ነጻ ይሆንና ወደ ቀኝ ጨርሶ ዞሮ ወደ ኋላ ይሳባል። የማያውቅ ሰው ያን ሞላ ከለቀቀው መርፌው ፊት ላይ ነው የሚመጣው። ቪዲዮ አይቼ እሰራዋለሁ እንዳትል።

ባለሙያው ጨርሶ ሲያስረክብህ ግን እዛው አጠገቡ፣ ጎራሹም ካዝናውም ባዶ መሆኑን ሁለታችሁም አይታችሁ፣ ይሄን አስደርገው። ይቀባበል፣ ሴፍቲው ወደ ቀኝ ይተኛ፣ ምላጩ ጠንከር ተደርጎ ተስቦ ይለቀቅ፣ ከዛ ሴፍቲው ቀስ ብሎ ወደ ግራ ይመለስ። መርፌው ባለበት ከቀረ ጥሩ ነው። "ቀጭ" ብሎ ከወደቀ ያ ሴፍቲ ሞቷል፣ ያኔ ያልኩህ ብልሽት ማለት ነው። ሴፍቲው መሃል ላይ ሆኖም ይደገም። ሴፍቲው ሲዞርም ከኋላ ጭራውን ተመልከት፣ ትንሽ ወደ ኋላ ሲገፋ በአይን ይታያል፣ ካልተገፋ ሴፍቲው የተያዘ ይመስላል እንጂ ከመተኮስ አያድንም። ይሄን ፈተና የወደቀ መሳሪያ ዘይት አያድነውም፣ ዘንጉ ወይ ጭራው መቀየር አለበት፣ የተቀየረውም በልክ ተገጥሞ እንደገና መፈተን አለበት፣ ማውዘር ሁሉ አንድ ነው ብሎ ካንዱ ነቅሎ ላንዱ መግጠም ብቻውን አይበቃም።

ይሄን አንብቦ የጣሊያኑን ካርካኖ አውጥቶ የሚሞክር ሰው ይኖራል፣ እንዳይሞክር። ካርካኖ መሃል የሚባል ቦታ የለውም፣ ወይ ተይዟል ወይ ተለቋል፣ አያያዙም ወደፊት ተጭኖ ማዞር ነው፣ ያ የተቆለፈበት ሰው ጎርሷል ብሎ አስቀምጦ በቀጥታ ወደ ባለሙያው ነው የሚሄደው። የፈረንሳዮቹ ጠመንጃዎች ለበንና ውጅግራ ደግሞ ጭራሹን ሴፍቲ አልተሰራላቸውም፣ እነሱ ላይ ያለው ጥበቃ ባዶ አርጎ ማስቀመጥ ብቻ ነው።

ቤልጅጉም ቢሆን ከዚህ በኋላ ጎርሶም ተቀባብሎም አይሰቀልም። ባዶነቱ ከታየ በኋላ ምላጩ ተስቦ ተይዞ ማቀባበያው ቀስ ብሎ ሲዘጋ መርፌው ወደፊት ይተኛል ሞላው ያርፋል። ያኔ ሴፍቲውን ለማዞር ብትሞክር እምቢ ይልሃል፣ አትደንግጥ አልተበላሸም፣ ሳይቀባበል ሴፍቲው እንዳይያዝ ተደርጎ ነው የተሰራው። "ሴፍቲው ደረቀ" ብለው ከሚጠይቁኝ ብዙዎቹ ያላቸው ይሄ ብቻ ነው። ከምድጃው ቤት ይውጣ፣ ስስ የማሽን ዘይት በጨርቅ ይታበስ፣ ክረምቱ ሲወጣ መስከረም ላይ ይታይ፣ ጥይቱ ለብቻው ይቆለፍ።

ለተዝካሩ አይደርስም፣ እንዲደርስም አትሞክሩ። ሴፍቲው ነገ ቢላቀቅ እንኳ ያ መሳሪያ የአፈሙዙ ውስጥ ሳይታይ፣ ጎራሹ ሳይለካ፣ ማቀባበያው ፊት ላይ ያሉት መቆለፊያ ጥርሶች ስንጥቅ እንደሌላቸው ሳይረጋገጥ አይተኮስበትም። የድሮ ጥይት ከሆነ ያላችሁ ደግሞ የእሳቱ ቆብ፣ ከቀለሁ ቂጥ ያለችው መርፌ የሚመታት፣ ጨው የሚተው አይነት ነው፣ ተተኩሶ በዛው ቀን በፈላ ውሃ ካልታጠበ ውስጡን ይበላዋል፣ አንዳንዱም ዘግይቶ ነው የሚፈነዳው፣ ምላጭ ተስቦ ዝም ብሎ ሰው ከፍቶ ሊያይ ሲል። ተዝካር ላይ ደግሞ የሚተኮሰው ወደ ላይ ነው፣ ድንኳን ሙሉ ሰው ባለበት። አባትህን ይሄን አንብብላቸው፣ ከዛ ዛሬውኑ ቤት ውስጥ በር ዘግታችሁ ሳይሆን መሳሪያውን ደጅ አፈሩ ጋ አውጥታችሁ ካዝናውን ባዶ አርጉት፣ ዘይቱን ጠብ አርጉለት፣ የሆነውን ጻፍልኝ። ስትጽፍ ማቀባበያው ላይ፣ ጭራው ላይና አፈሙዙ ስር ያሉትን ቁጥሮች ይመሳሰሉ አይመሳሰሉ ንገረኝ፣ ቁጥሮቹን ራሳቸውን ግን እዚህ አታውጣቸው።